አንድም ቀን ያላመለጠ ጠብታ

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምን እንደምማር ለሰው ማስረዳት ከትምህርቱ ይበልጥ ይከብደኝ ነበር። ዳባት ውስጥ «ዲዛይን» ባልኩ ቁጥር የእናቴ ጎረቤቶች ልብስ ስፌት ይመስላቸዋል፤ ለእረፍት ስመጣ አንዷ ጨርቅ፣ ሌላዋ የልጇን የሚዜ ቀሚስ ልኬት ይዛ ትመጣለች። «የስልክ መተግበሪያ ነው የምነድፈው፤ ሰው ሳይቸገር እንዲጠቀምበት» እላለሁ። «ታዲያ ጥልፍም አታውቂ?» ይሉኛል በሐዘኔታ። እናቴ ነገሩን አሳጥራ «ኮምፒውተር ነው የምትማረው» ትልና ትገላግለኛለች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አልበራ ያለ ቴሌቪዥን ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር።

የትምህርቱ ሙሉ ስም «ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ ተደራሽ ንድፍ» ነው። ስሙ ራሱ ተደራሽ አይደለም። ሐሳቡ ግን ቅን ነው፤ ዓይኑ የደከመ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ስልኩን ያለ ሌላ ሰው እርዳታ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው ዓመት ስደርስ የመመረቂያ ሥራዬን ለዓይን ሕሙማን የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ ለማድረግ ወሰንኩ። መጀመሪያ የታዘዝነው ተጠቃሚውን በወረቀት ላይ እንድንፈጥረው ነበር፦ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ችግር፣ ምኞት፣ ከላይ ደግሞ ፎቶ። ፎቶውን ከኢንተርኔት ወሰድኩት። ጥርሱ የተሟላ፣ ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ከኋላው ባሕር የሚታይ ነጭ ሽማግሌ ነበር። ሥራው ከሚለው ፊት ለፊት «ገበሬ፣ በየዳ» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪ መምህሬ ጥሩ ነጥብ ሰጠኝ።

እውነተኛው ተጠቃሚዬ ግን አጎቴ ነበሩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከደባርቅ ተነስተው ሊማሊሞን ሲወርዱና ሲወጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ለምን መንዳት እንዳቆሙ ሲጠየቁ «መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ ከእንግዲህ ሊማሊሞን ማንም አህያ ይነዳዋል» ይላሉ። እውነቱ ግን በቀኝ በኩል ያለውን የድንጋይ ከለላ ሁለት ጊዜ ገጭተው ባለመኪናው ቁልፉን ስለተቀበላቸው ነው። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ በፊታቸው ግን የሚያነሳው የለም።

በመስከረም ጎንደር የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ግላኮማ ነው አለች። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይልና ሳያምም፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ከዳር ከዳር እይታን እየበላ ይሄዳል። ቀኙን ጨርሶታል። ግራው ግን ገና ብዙ እይታ አለው፤ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ጠዋትና ማታ ሳትቋረጥ ከተደረገ ሊቆይ ይችላል። ከተቋረጠ ግን ግራውም እንደ ቀኙ ይሆናል፤ የሄደውን የሚመልስ ሕክምና ደግሞ የለም። ይህን ሁሉ የተናገረችው ግማሹን በአማርኛ ለእሳቸው፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ለእኔ ነበር። ዋናው ነገር የእንግሊዝኛው ግማሽ ውስጥ ነበረ። እኔ እንደ ምሁር ራሴን ነቀነቅሁ፤ እሳቸው ጠብታዋን ኮታቸው ኪስ ከተው «ጠዋትና ማታ» አሉ። ሁለታችንም ገብቶን ወጣን።

እዚያው ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው ነገሩ የታየኝ። የነጩን ሽማግሌ ወረቀት ትቼ በጋሼ ላይ እሠራለሁ። ዓይናቸው ከተረፈ እኔም ተመረቅሁ ማለት ነው። ያኔ ሁለቱ ነገሮች አንድ መስለውኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሥሪት አራት ገጽ ነበረው። አንደኛው ሰላምታ፣ ሁለተኛው «የትኛው ዓይን?» የሚል ከሥሩ ቀኝ፣ ግራ፣ ሁለቱም ተብሎ የተጻፈበት፣ ሦስተኛው ሰዓት፣ አራተኛው «አደረግሁ» የሚል ቁልፍ። ይዤ ደባርቅ ወጣሁና ለጋሼ አሳየኋቸው። ስልኩን ከአፍንጫቸው ፊት አድርገው ገጽ በገጽ ካለፉ በኋላ አስቀመጡት።

«ስንት ኬላ ነው ያለው ይኼ ነገር?» አሉኝ።

«አራት ብቻ ነው ጋሼ።»

«እኔ መድኃኒት ላደርግ ነው እንጂ ጭነት ላስፈትሽ ነው? ሐኪሟ ያለችኝን እኔ ሰምቻለሁ። ስልክ ምን ቤት ነው የሚጠይቀኝ?»

ልክ ነበሩ። የምንማርበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍም ልክ ናቸው ይላል፤ ተጠቃሚውን በጥያቄ አታድክም። አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ የአጎቴን የኬላ ነገር ስነግረው ሳቀና ሁለተኛውን ገጽ በእስክሪብቶ ሰረዘው። «በቀነስሽው ገጽ ልክ ነው ሰው የምታተርፊው» አለኝ። ሰላምታውንም አብረን ሰረዝን። ሁለት ገጽ ቀረ። በዚያ ቀን ከቢሮው ስወጣ የቀለለኝ መተግበሪያው ብቻ አልነበረም።

ከዚያ የሙከራው ወሬ አለ። ደንቡ ሥራህን በአንድ ሰው ብቻ አትፈትን ስለሚል በገበያ ቀን ዳባት ገባሁና እህል ሸጠው የጨረሱ አዛውንቶችን በየጥላው እየዞርኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ወረቀቴ ላይ «በጣም ቀላል፣ ቀላል፣ ከባድ፣ በጣም ከባድ» የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉ። ሰው ሁሉ በጣም ቀላል አለኝ። ስልኩን ገልብጠው የያዙት አባት በጣም ቀላል አሉኝ። አንድ ቄስ ሳይነኩት በመስቀላቸው ባርከው መለሱልኝ፤ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳካልሽ» ብለው። አንዲት እናት ደግሞ ሳጥኖቹን ካነበብኩላቸው በኋላ ጆሮዬ አጠገብ ዝቅ ብለው «የትኛውን ብልሽ ነው የሚበጅሽ?» አሉኝ። ልጅ ለፍታ የሠራችውን፣ ያውም ከሩቅ ይዛ የመጣችውን፣ ፊቷ ላይ ከባድ ነው ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አያውቀውም። የዳባት ውጤቴ እንከን የለሽ ሆነና ለማንም የማይጠቅም ሆነ።

ስለዚህ ጋሼ ወርቅ ነበሩ። ጋሼ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባቸውም። በሠርግ ላይ ሙሽራዋ ፊት «ወጡ ጨው አንሶታል» የሚሉ ሰው ናቸው። መተግበሪያዬንም እንደዚያው አላዘኑለትም። ፊደሉ ትንሽ ነው አሉ፤ አተለቅሁት። ነጭ ላይ ጥቁር ያንጸባርቃል አሉ፤ ጥቁር ላይ ቢጫ አደረግሁት። የአስታዋሹን ድምፅ የቀዳሁት በራሴ ድምፅ ነበር፤ «ጋሼ፣ የጠብታዎ ሰዓት ደርሷል» ይላል። «ማን ያሳድድሻል? ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አሉኝና ሦስት ጊዜ መልሼ ቀዳሁት። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሳይሆን በእኛው፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ብዬ ሠርቼው ስለነበር በዚህ ብቻ አመሰገኑኝ። «አደረግሁ» የሚለው ቁልፍ ቀይ ነበር። «ቀይ ቁም ማለት ነው። ምን አድርግ ነው የምትይኝ?» አሉ። አረንጓዴ አደረግሁትና የእጅ መዳፍ ሥዕል አከልኩበት።

ያን ሰሞን ራሴን ወደድኩት። እንደ እሳቸው ያለ እውነት የሚናገር ተጠቃሚ የነበረው ከክፍላችን ማንም አልነበረም። ሌሎቹ የክፍል ጓደኞቻቸውን ነበር የሚጠይቁት።

አንድ ነገር ብቻ አላየሁም፤ ጠብታዋ ስትንጠባጠብ። መድኃኒት ሲደረግ ሰው አያይም። እኛ ጋ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ከሐኪም ቤት የመጣም ይሁን ከደብተራ፣ የሰው ዓይን ካረፈበት መድኃኒቱ ይደክማል ይባላል። ጋሼ ሰዓቱ ሲደርስ ጨዋታቸውን ያቋርጡና ጓዳ ገብተው መጋረጃውን ይጋርዳሉ። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየነካኩ ይወጣሉ፤ ከዚያ አረንጓዴውን ይነኩታል። እኔ እንደ ደንቡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እጠብቃለሁ። በጥናቴ ጽሑፍ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌያለሁ። «የተጠቃሚውን ባህላዊ የምስጢር ፍላጎት ስላከበርኩ የመድኃኒት አወሳሰዱን በቀጥታ አልተመለከትኩም» ይላል። አማካሪዬ በዳሩ ላይ «ግሩም» ብሎ ጽፎበታል። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

መተግበሪያው ወራቱን ሁሉ ሠራ። ጠብታው የተደረገበት ቀን በሰሌዳው ላይ አረንጓዴ፣ ያልተደረገበት ቀይ ይሆናል፤ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ሰሌዳው ጎንደር ያለው ስልኬ ላይ ይደርሰኛል። ቀይ የሚባል አልነበረም። ጾም ሲገባ ጠብታ ያስገድፍ እንደሆነ የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው «ዓይን አይበላም» ተባሉና ቀጠሉ። ለቅሶ በየዳ ሲሄዱ ጠብታዋንም ስልኩንም በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ፤ ከዚያም ሲመለሱ አረንጓዴ። በሦስት ወር ተመለሱ የተባሉበት ቀጠሮ ግን መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት አለፋቸው። ደውዬ ስጨነቅ «ምን ያስጨንቅሻል፣ መድኃኒቴን እያደረግሁ» አሉኝ። ሰሌዳውን አየሁ፤ እውነታቸውን ነው። እኔም መጨነቅ ተውኩ።

ሥራዬን የማቀርብበት ቀን ሲደርስ መንገዱም ተከፍቶ ነበርና ጋሼ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ጎንደር ወረዱ። በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አስይዤላቸዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አረንጓዴውን ሰሌዳ በግድግዳው ላይ ባበራሁት ጊዜ፣ ከፈታኞቹ አንዱ መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ይህ በእውነት የተደረገ ነው ወይስ ቁልፉ ብቻ የተነካ?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ልመልስ ስል ጋሼ ተነሱ።

«እኔ ነኝ ባለመድኃኒቱ። አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም» አሉ።

አዳራሹ አጨበጨበ። አማካሪዬ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

በማግስቱ ሐኪሟ የጋሼን ግራ ዓይን በመሣሪያዋ ለካች። ደግማ ለካች። ወረቀቷን ገልጣ የመስከረሙን ቁጥር አየች። ከዚያ አገጫቸውን በአንድ ነጭ ሳጥን ላይ አሳርፈው በዳር በዳር የምትበራ ነጥብ ባዩ ቁጥር በእጃቸው የያዙትን ቁልፍ እንዲጫኑ አደረገች። ነጥቧ ብዙ ጊዜ ስትበራ እኔ ከጎን እያየኋት ነበር፤ የእሳቸው እጅ ግን ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ጠብታውን አቋርጠዋል እንዴ አባቴ?» አለቻቸው።

«እኔ?» አሉ ጋሼ። ተቆጥተው ነበር።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «አላቋረጡም። ይኸው» ብዬ ስልኬን ዘረጋሁላት። የወራቱን አረንጓዴ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ገፋ ገፋ አድርጌ አሳየኋት። «ያምራል» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረችና ጠብታውን ይዘውት እንደሆነ ጠየቀች። ከኮታቸው ኪስ አወጡት።

«እስቲ እዚሁ ያድርጉልኝ። ልይ።»

ጋሼ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥለው እኔን አዩ። «እዚህ? ሰው እያየ?»

«እኔ ሐኪም ነኝ አባቴ። እኔን ከሰው አይቁጠሩኝ።»

የጠርሙሷን ክዳን ፈቱ። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። «አንቺም እይ» አለችኝ ሐኪሟ፤ በእንግሊዝኛ አልነበረም የተናገረችው።

ዞሬ አየሁ። ጋሼ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። የሹፌር እጅ ነው። በአንድ አውራ ጣት የቀኝ ዓይናቸውን ሽፋን ከፍ አደረጉና አንዲት ጠብታ መሃሉ ላይ ጣሉ። ወደ ጉንጫቸው የወረደ አልነበረም። የጠፋው ዓይን አልተርገበገበም። ክዳኑን መለሱ፣ በነጠላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፣ ጠብታዋን ኪሳቸው ከተቱ።

«ይኸው» አሉ።

«ግራውንስ?» አለች ሐኪሟ።

«ግራው ምን ሆነ? እሱ ደህና ነው እኮ።» እኔን አዩኝ፤ ሐኪሟ ያልገባት መስሏቸው ላስረዳላቸው ፈልገው ነበር። «የታመመው ቀኙ ነው። የቆመውን ሞተር ትቶ የሚሠራውን የሚፈታ መካኒክ አለ?»

እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። በዚያች ደቂቃ ስለ እሳቸው ዓይን ማሰብ ሲገባኝ፣ አማካሪዬ በእስክሪብቶ የሰረዘው ሁለተኛው ገጽ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ቀኝ፣ ግራ፣ ሁለቱም። ፊደሉ ትንሽ ነበረ፣ ቀለሙ ያንጸባርቅ ነበረ፣ እንደ ንድፍ አስቀያሚ ገጽ ነበር። ቢኖር ኖሮ ጋሼ «ቀኝ» የሚለውን ይነኩት ነበር፤ እኔም ጎንደር ተቀምጬ አየው ነበር። ሐኪሟ የጠብታው ነገር የቀረውን ለማቆየት እንደሆነ፣ የጠፋው ዓይን ምንም እንደማይረባው፣ በግራው በኩል ከዳር የሄደው እንደማይመለስ ለእሳቸው በቀስታ አስረዳች። በዚህ ጊዜ ሁሉንም በአማርኛ ነበር። ጋሼ እስክትጨርስ ሰሙና «ከመስከረም ጀምሮ ስትነግሪኝ የነበረው ይኸን ነው?» አሉ። አዎ አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥፋቱን ወደ ማንም አላዞሩም።

በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ስንመለስ አምባ ጊዮርጊስን እስክናልፍ ጋሼ መንገዱን ሲያዩ ነበር። መስኮቱ በስተግራቸው ነበር፤ ውጭውን ለማየት ግን አንገታቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ ያዞሩ ነበር። ይህን ከወራት በፊትም ሲያደርጉ አይቻለሁ። የሽማግሌ ልማድ መስሎኝ ነበር።

ዳባት ስንደርስ «ውጤትሽን አያበላሽብሽም?» አሉኝ።

«ምኑ ጋሼ?»

«እንዲያ መሆኑ። እኔ ለአንቺም ፈተና ነው ብዬ እኮ ነው አንድም ቀን ያላጎደልኩ። ለመምህርሽ አትንገሪው።»

እንባዬ መጣ። ሚኒባሱ ሰው ሞልቶት ስለነበር ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ። እሳቸው አላዩኝም፤ በቀኛቸው በኩል፣ ከማያዩት ዳር ነበርኩ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ ወደ ፊት እያዩ፤ ስለ ራሳቸው ነበር የሚናገሩት። እኔ ስለ እኔ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ለመምህሬ ነገርኩት። ገና ደባርቅ እንደገባን ደወልኩለትና ያየሁትን በሙሉ አወራሁት። ከልቡ አዘነ፤ ይህን አልክድበትም። ከዚያ ግን «አየሽ፣ እንደ ሥርዓት ካሰብሽው መተግበሪያው አልተሳሳተም። ሥራው ማስታወስ ነበር፤ አስታወሰ። ያ የተጠቃሚ ስህተት ነው የሚባለው» አለኝ። ውጤቴ እንደማይነካም አረጋገጠልኝ። ሥራዬን ለውድድር እንድልከውም ሐሳብ አቀረበ። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት። ከመናደዴ የከፋው ግን ልክ መሆኑ ነበር። እኔም ከሁለት ቀን በፊት ብጠየቅ ያንኑ ቃል በቃል እመልስ ነበር፤ ለዚያ ነበር የተማርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ከመጮኹ በፊት ጋሼ ጓዳ ገቡ። መጋረጃውን ጋረዱ። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ቆዩ። ከሌላው ቀን ይልቅ ቆዩ። ከውስጥ አንዴ ሲተነፍሱ፣ አንዴ «ኤዲያ» ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ።

«ግቢ» አሉኝ።

ወደ ጓዳው መግባት ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራ ጉንጫቸው በጠብታ ረጥቧል። «እንቢ አለ» አሉ፤ ስለ ዓይናቸው ነበር። «ቀኙ ዝም ብሎ ይቀበል ነበር። ይኼኛው ጠብታዋ ስትመጣ ያያታል፣ ያያትና ይዘጋል።» በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ስንት ዓመት ጭነት ይዘው ሲወርዱ ዓይናቸውን ያልጨፈኑ ሰው፣ አንዲት ጠብታ ውሃ አሸንፋቸዋለች። ሦስቷን በከንቱ አፍስሰዋታል፤ ጠርሙሷ ደግሞ ትንሽ ናት።

«ያዢልኝ» አሉኝ።

እጄን ታጠብኩና የግራ ዓይናቸውን ሽፋን በአውራ ጣቴ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ያን ያህል ጊዜ ስለ ዓይናቸው ጽፌ፣ ስለ ዓይናቸው ቀለም መርጬ፣ ስለ ዓይናቸው ተጨብጭቦልኝ፣ ዓይናቸውን በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። በጣቴ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠብታዋን ጣልኳት። ገባች። ሁለት ደቂቃ ጨፍነው እንዲቆዩ ሐኪሟ ባዘዘችው መሠረት ጨፍነው ቆዩ፤ እኔም ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። እኔ ከፊታቸው ቆሜ ነበር። ስለ ፊደል መጠን፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ድምፅ ፍጥነት፣ ስለ ቁልፍ ስፋት ጠይቄያቸዋለሁ፤ ወረቀቴ ላይ ያልጠየቅኋቸው ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። ያን ጠዋት ግን ጨርሶ ያልጠየቅኋቸውን ጠየቅኋቸው።

«ምን ይታይዎታል ጋሼ?»

አሰቡ። «ፊትሽ» አሉኝ። «ትከሻሽ የለም።»

ወደ መጋረጃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። «አሁንስ?»

«አሁን ሙሉ ነሽ።»

አጎቴ በዕድሜያቸው ሰው ደስ እንዲለው ብለው ቃል አውጥተው አያውቁም። ያን ጠዋት ግን እውነታቸውን ይሁን ለእኔ ብለው፣ ማወቅ አልቻልኩም።